መድፉን እናውቀዋለን፤ መንገዱስ?

የኛ ትውልድ ቴዎድሮስን የሚያውቀው በሹሩባው ነው። ቲሸርት ላይ አለ፤ የሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ከቦብ ማርሌ ጎን ተሰቅሏል። ትንሽ ከፍ ያለውን ዕውቀት የፈለገ ደግሞ መጻሕፍቱ አሉለት። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ የፀጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»። ይህ ሁሉ ተነብቦና ተዘፍኖ አእምሯችን ውስጥ የሚቀረው ግን ሦስት ሥዕል ብቻ ነው፤ ሹሩባው፣ ሴባስቶፖል እና መቅደላ ላይ የተጠጣችው ጥይት።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ከ150 ዓመት በላይ የቆየችውን የንጉሡን ቁንዳላ ሲመልስ ሁላችንም ተደስተናል። ሴባስቶፖልም ቢሆን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቅጂው ቆሞለታል። ፀጉሩም መድፉም የየራሳቸውን ክብር አግኝተዋል ማለት ነው።

ከሦስቱ ሥዕሎች መሃል ግን አንድ የጠፋ ነገር አለ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ከጋፋት ተነስቶ መቅደላ የደረሰው በክንፍ በርሮ አይደለም። የሆነ መሬት ላይ ተጎትቷል። የሆነ ሕዝብ ማሳና ጎተራ አጠገብ አልፏል። ያ መሬት ጋይንት ይባላል። ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ስለዚህ መንገድ፣ ከሱ በኋላ ስለመጡት መንገዶች፣ እና መንገዱ እያለ መንገድ ስለሌላቸው ሰዎች ነው።

ስለ አገሩ ጥቂት

ካርታ ለመዘርጋት ለሚሰንፍ አንባቢ (ብዙ መሆናችንን እናውቃለን) አገሩን በአጭሩ እናስቀምጠው። ደብረ ታቦር ላይ ቁሙና ወደ ምሥራቅ ዙሩ። ከፊታችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ይደቀናል። ጉና ውኃ አካፋይ ነው፤ ርብና ጉማራ ከሱ ተነስተው ጣና ይገባሉ፤ በወዲያኛው ወገን የሚወርደው ውኃ ደግሞ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ ይጠፋል። ከጉና ወዲያ ነፋስ መውጫን ይዞ ላይ ጋይንት አለ። ከሱ ዝቅ ብሎ አርብ ገበያን ይዞ ታች ጋይንት ይከተላል። ወደ ደቡብ መካነ ኢየሱስን የያዘው እስቴ ነው። መጨረሻ ላይ፣ መሬቱ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ መውረድ ከመጀመሩ በፊት፣ ስማዳ አለ። የስማዳ ከተማ ወገዳ ትባላለች።

ወገዳ በአንድ በኩል ጎጃምን፣ በሌላ በኩል ወሎን ትጎራበታለች። ይህን ሲሰሙት የመናኸሪያ ከተማ ትመስላለች። ነገር ግን በጎረቤቶቿና በሷ መሃል ያለው ገደል ነው። ከጎጃም ዓባይ ይለያታል፤ ከወሎ በሽሎ። ጎረቤትህን ማዶ እያየኸው፣ የቤቱ ጭስ እየታየህ፣ እሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ቀን ሙሉ መውረድና መውጣት አለብህ። የዚህ አገር ታሪክ ግማሹ የዚህ ገደል ታሪክ ነው።

ስድስት ወር በጋይንት በኩል

ዘመኑ 1860 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ቴዎድሮስ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላ አገሩ ከእጃቸው ወጥቷል። ሸዋ ምኒልክን፣ ላስታ ዋግሹም ጎበዜን ይዘው ሸፍተዋል። ጎንደር በንጉሡ እጅ ተዘርፋለች፤ ተቃጥላለች። የቀራቸው በጌምድርና መቅደላ ብቻ ነበር፤ በጌምድርም በተደጋጋሚ ዘረፋ ተማርሮ አምጿል። ስለዚህ መስከረም ሲያልቅ ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሱ።

የተነሱት ታዲያ ብቻቸውን አልነበረም። ጋፋት ላይ አውሮፓውያኑ የእጅ ባለሙያዎች የሠሯቸው መድፎች አብረው ነበሩ፤ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። ከተዋጊው ቁጥር ብዙ እጥፍ የሚሆን ሴት፣ ሕፃን፣ አገልጋይና እስረኛ ይከተላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሰረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረም። በዚያ ዘመን በጋይንት በኩል የነበረው መንገድ ለአህያ፣ ለበቅሎና ለእግረኛ የሚበቃ ጥርጊያ ነው።

ስለዚህ መንገዱን ሠሩት። ደጋው ላይ ድንጋይ እየለቀሙ፣ ቁልቁለቱን እየቆረጡ፣ ጉድባውን እየሞሉ፣ በቀን ጥቂት እየተራመዱ። መቅደላ ላይ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ እስከ ምሽት ድንጋይ ሲያነሱና መሬት ሲደለድሉ ይውሉ እንደነበር ጽፏል። ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋይ ሲሸከም ወታደሩ እንዴት ቁጭ ይላል? በጨጨሆ አቀበት ወጥተው፣ የዋድላን ደጋ አቋርጠው፣ ሺህ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለውን የጅጣን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው፣ በደላንታ አድርገው፣ በሽሎን ተሻግረው መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ፈጅቷል።

በዚያው ሰሞን ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ እየመጣ ነበር። ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር፣ ዳርቻው ላይ የተዘረጋ አጭር የባቡር ሐዲድ፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩት። ቴዎድሮስ የነበራቸው ጠፍርና የሰው ትከሻ ነው። ሁለቱም መድፍ ይዘው ወደ አንድ አምባ እየገሰገሱ ነው፤ ውድድር ነበር ማለት ይቻላል። ቴዎድሮስ ቀደሙ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነገር ነው ትምህርት ቤት ያልነገሩን። የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ሲደርስ ከፊቱ ተሠርቶ የተጠናቀቀ መንገድ አገኘ። በጅጣ ሸለቆ የወረደውና የወጣው ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነው። ከጦሩ ጋር የነበረው የመልክዓ ምድር ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም ሥራውን አድንቆ ጽፎለታል። ንጉሡ መድፋቸውን ለማሳለፍ የቆረጡት ገደል፣ ሊገድላቸው ለሚመጣው ጦር መተላለፊያ ሆነ። ያ ሁሉ የተለፋበት ሴባስቶፖልም የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሁሉም ነገር አበቃ። መድፉ እስከዛሬ መቅደላ ላይ አለ።

መንገድ የሠራው ሰው ማን ይሄድበታል ብሎ መወሰን አይችልም። ይህን ነገር ያዙልን፤ ወደፊት ደጋግመን እንመጣበታለን።

አንድ ነገር ግን ሳንረሳ እንጠይቅ። በዚያ ስድስት ወር የጋይንት ገበሬ ምን እየሠራ ነበር? ተውኔቶቹ ላይ አታገኙትም። ያን ሁሉ አፍ ይዞ ያለፈ ሰፈር ስንቁን ከሰማይ አላወረደም። ሰፈሩ የተነሳው አዝመራው ሊደርስ ሲል ነው፤ እህል የነበረው ደግሞ የገበሬው ማሳና ጎተራ ውስጥ ነው። እኛ ቲሸርት ላይ የምናትመው ጀግና ለዚያ ገበሬ እህሉን የሚወስድበት ሰው ነበር። ቴዎድሮስን መውደድ ትችላላችሁ፤ እኛም እንወዳቸዋለን። የመድፉን ክብደት የምናውቅ ሰዎች ግን የጎተራውን ባዶነትም ብናውቅ ፍቅራችን የሚጎድል አይመስለንም።

ገመዱ

ከጋይንት ወደ እስቴ እንውረድ። እዚያም መንገድን የተመለከተ ሌላ ታሪክ አለ፤ ይኸኛው ንጉሥም መድፍም የለበትም።

በዓባይ ላይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሁለት የድንጋይ ድልድዮች እንዳሉ ይታወቃል። አንደኛው ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የዓላታ ድልድይ ነው፤ ፏፏቴውን ልታዩ የሄዳችሁ ረግጣችሁታል። ሁለተኛው ከሱ በታች፣ በእስቴና በአንዳቤት አገር እና በጎጃሙ ሞጣ መሃል ያለው ነው። ሰው ሁለቱንም «የፖርቱጋል ድልድይ» ይላቸዋል። ይህኛው ግን የሚነገረው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1650ዎቹ አካባቢ እንደተሠራ ነው። ፋሲል ደግሞ ኢየሱሳውያኑን ገና በመንግሥታቸው መጀመሪያ ከአገር ያባረሩ ንጉሥ ናቸው። ፖርቱጋሎቹ ከሄዱ ከብዙ ዓመት በኋላ በተሠራ ድልድይ ላይ የነሱን ስም መለጠፍ ምን የሚሉት ልማድ ነው? ኖራውን ያቦካው፣ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ስም አልባ ሆኖ ቀረ።

ይህ ድልድይ ለሦስት መቶ ዓመት ሊጠጋ ሲል ያህል በጌምድርንና ጎጃምን ሲያገናኝ ኖረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን መሃሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ስሙ ተቀየረ፤ ሰባራ ድልድይ ተባለ።

ጣሊያን ወጣ። ንጉሡ ተመለሱ። ጃንሆይ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፤ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ። ሰባራ ድልድይ እንደተሰበረ ነው። ገበያው ግን አልቆመም፤ ዘመድ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ መሄድ አልቆመም። ታዲያ ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? በገመድ። በተሰበረው ድልድይ በሁለቱም ጫፍ ጉልበተኛ ወንዶች ይቆማሉ፤ ገመድ ይወረወራል፤ ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ይንጠለጠላል፤ ከወዲህ እየለቀቁ ከወዲያ ይስቡታል። ከታች ዓባይ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ እንዲህ ተኖረ። በገመድ መሻገር የጀመረው ልጅ አያት እስኪሆን ድረስ ማለት ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ አንድ ፎቶግራፍ ነገሩን ለወጠው። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በ1993 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢ በወጣ እትሙ ስለ ዓባይ ጉዞ ሲጽፍ፣ በገመድ የሚሳብ ሰው ፎቶ አብሮ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ባለሙያ ፎቶውን አየው፤ ከዓይኑም ሊጠፋ አልቻለም። በ1994 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ፣ የተሰበረውን ክፍተት በብረት ድልድይ ሞላው። ዓባይ ግን በቀላሉ የሚረታ አልሆነም፤ በ1997 ዓ.ም. ጎርፉ ብረቱን ወሰደው። ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2001 ዓ.ም. ከፍ ባለ ቦታ ላይ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ይህ ሰው በዚያ ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት በኋላ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል። በሩቅ አገር ወንዝ የሚሻገሩ ሰዎች ባያውቁትም የነሱ ድልድይ ታሪክ የሚጀምረው ከሰባራ ድልድይ ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። ጎኑን ስታዩት ግን ያማል። ክፍተቱ እኮ አሥር ሜትር ገደማ ነበር! አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፊ አስፋልት ከማቋረጥ አይበልጥም። ከስልሳ ዓመት በላይ አሥር ሜትር ያልተሞላው ብረት ጠፍቶ ነው? እኛ እንደሚመስለን፣ የሚሻገሩት ሰዎች ድምፅ እዚህ ድረስ ስላልተሰማ ነው። እነዚያን ገመድ ሳቢዎች ከኛ ወገን ያያቸው አልጠፋም፤ የወረዳው ሹም፣ የግብር ሰብሳቢው፣ መምህሩ፣ ነጋዴው ሁሉ በዚያ ገመድ ተሻግሯል። ሁሉም ለመደው። የባዕድ ዓይን የሚጠቅመው አንዳንዴ ብልህ ስለሆነ አይደለም፤ ስላልለመደ ነው።

የቻይና መንገድ

አሁን ወደ ላይ እንመለስ፤ ወደ አስፋልቱ። ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሄደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ወረታ፣ ዓለም በር፣ ደብረ ታቦር፣ ክምር ድንጋይ፣ ጎብጎብ፣ ነፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ፣ ደብረ ዘቢጥ፣ ኮን፣ ጋሸና። ከጋሸና አንዱ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል፤ ሌላው ወደ ወልድያ ይቀጥላል። ከወረታ እስከ ወልድያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአገሩ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

ዛሬ ቻይና መንገድ ሠራ ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያይም። ይህኛው ግን ቀዳሚ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መባቻ ቤጂንግ ሄደው ማኦ ዜዱንግን ሲያነጋግሩ ከተገኘው ያለወለድ ብድር ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ንጉሡ ተፈራረሙ፤ ቻይናዎቹ ቆፍረው ሲጨርሱ ግን ንጉሡም ማኦም አልነበሩም። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ጠጠር መንገዱ ተጠናቀቀ። አስፋልት የለበሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የምንወደው ነገር ይህ ነው፤ ቻይናዎቹ በመሣሪያቸው ሲለኩ ያገኙት መውጫ ቴዎድሮስ በትከሻ ካገኙት ብዙም አይርቅም። ጨጨሆ ላይ ሁለቱም አልፈዋል። ገደሉ ለንጉሥም ለኢንጂነርም ያው ገደል ነው፤ መውጫው ጥቂት ነው።

ይህ መንገድ ጋይንትን በብዙ ለውጦታል። ነፋስ መውጫ ላይ አይሱዙ ቆሞ ድንችና ገብስ ይጭናል፤ ተማሪው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ሕመምተኛ በአምቡላንስ ይሄዳል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ይህ መንገድ ባይኖር ኖሮ ብሎ ማሰብ ያስፈራል። እኛም ለገና ላሊበላ ስንወርድ፣ ነፋስ መውጫ ላይ ጉም ውስጥ ወርደን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ሻይ በዳቦ የጠጣነው በዚሁ መንገድ ዳር ነው። የከተማዋ ስም ለምን እንደወጣላት ለማወቅ የአውቶቡሱን በር መክፈት ይበቃል።

ከላይ ያዙልን ያልነው ነገር ግን እዚህ ይመጣል፤ መንገድ የሚያመጣውን አይመርጥም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ከወልድያና ከጋሸና በዚሁ አስፋልት መጥተው ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀናት ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ ላይ ባወጣው ሪፖርት በነዚያ ቀናት በታጣቂዎቹ የተደፈሩ 16 ሴቶችን ቃል አስፍሯል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ሌላ ግጭት ይኸው መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። ሻይ የጠጣንባት ከተማ ሴቶች ያን ጊዜ የት ሊሸሹ ይችሉ ነበር? አስፋልቱን ለቆ ወደ ቆላው የሚወስደው ያው የጥንቱ የእግር መንገድ ነው።

ድንጋይ የሚሸከሙት

ወደ ወገዳ እንመለስ። ወገዳ ከቻይና መንገድ ላይ አይደለችም። ቴዎድሮስም በሷ በኩል አላለፉም። ታሪክ በላይ በኩል አለፈ፣ አስፋልቱም በላይ በኩል አለፈ፣ ቱሪስቱም በላይ በኩል ያልፋል። በስማዳ ቆላ ያለ ሰው ገበያ ሲወጣ ለብዙ ሰዓት በእግሩ ነው። አህያው ይጫናል፣ እሱም ይሸከማል።

ታዲያ ለዚያ ሰው መንገድ የሚሠራለት ማነው? ራሱ። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የምግብ ችግር በተደጋጋሚ ከሚጎዳቸው ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ገብተዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን የሕዝብ ሥራ ይሠራል፤ እርከን ይክባል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ ችግኝ ይተክላል፣ የቀበሌ መንገድ ይጠርጋል። በምትኩ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። የሚሠራው በዶማ፣ በአካፋ፣ በባሬላና በትከሻ ነው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። በ1860 ዓ.ም. በጋይንት ደጋ ላይ ድንጋይ ለቅሞ ገደል የሞላ ሰው ነበረ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም በዚያው አገር፣ በዚያው መሣሪያ፣ ድንጋይ ለቅሞ መንገድ የሚሞላ ሰው ነበረ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የመጀመሪያው የሠራው መድፍ እንዲያልፍበት ነው፤ ሁለተኛው የሠራው ልጁ ትምህርት ቤት እንዲሄድበት፣ ምጥ የያዛት ሚስቱ ጤና ጣቢያ እንድትደርስበት ነው። የትኛው መንገድ ነው ታሪክ ሊባል የሚገባው? ቢጠይቁን የሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ግን ሁለተኛው ላይ ማንም ተውኔት አልጻፈም። ጎርፍ ሲወስደውም በሚቀጥለው በጋ እንደገና ይሠራል፤ ያኔም ማንም አይዘግበውም።

ሴባስቶፖል ከአደባባዩ ይውረድ እያልን አይደለም። ይቁም፤ ያምርበታል። እኛ የምንለው፣ ያንን መድፍ ያሳለፈው መንገድ፣ የሰባራ ድልድይ ገመድ ሳቢዎች፣ የወገዳ ባሬላ ተሸካሚዎች አንድ የታሪክ ምዕራፍ ውስጥ ይግቡ ነው። ልጆቻችን የመድፉን ክብደት ሲሸመድዱ ስንት ወር እንደተጎተተ፣ በማን አገር እንዳለፈ፣ መንገዱን በኋላ ማን እንደተጠቀመበት አብረው ይማሩ። እንዲህ ያለ ታሪክ ቲሸርት ላይ አይታተምም ይሆናል፤ አሥር ሜትር ክፍተት ሲያዩ ስልሳ ዓመት የማይለምዱት ሰዎችን ግን ሊያፈራ ይችላል።

ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት ወደ ላሊበላ የምትሄዱ አላችሁ። ጨጨሆ ስትደርሱ ሾፌሩን አስቁሙት። ወርዳችሁ ቁልቁል እዩ፣ ያንን አቀበት ሰባት ቶን ይዞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩና ከደጋው ወዲያ የምትገኘውን፣ አስፋልት ላይ ሆኖ የማትታየውን ወገዳን አስቧት።